ያገለገለ ማደባለቂያ

«ያገለገለ» ይላል፣ በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት፤
ማንን እንዳገለገለ አይልም፣ የት አገር፣ ለስንት ዓመት።

ገላን ነው። ከፈጣኑ መንገድ ወዲህ፣ ከብሎኬት ማምረቻው ጀርባ፤
በጅቡቲ በኩል የመጣ፣ ሌሊት በሎቤድ የገባ፣
በስምንት ጎማ የቆመ፣ ሆዱ እንደ ጋን የሰፋ፣
ሰማያዊ ነበር ቀለሙ፤ ግማሹ በፀሐይ ጠፋ።

በያጅ ነኝ። ብዙ የብረት ሬሳ ገንዤ አውቃለሁ፤
ይኼን ግን የመጀመሪያ ቀን፣ ዞሬ ዞሬ አይቼ ዝም ብያለሁ።
ከታች አሸዋ የሚቀልቡ ሁለት ጠመዝማዛ አንገት፣
ከላይ ገንዳ፣ ውስጡ መቅዘፊያ፣
ጎኑ ላይ የማላነበው ጽሕፈት።

ደላላው ሙዘይን ነው ያስረዳኝ፦
«ውሃና አሸዋ፣ ዝልግልግ መድኃኒትም፣ አንድ ላይ ይመታል፤
ሌላ ፓምፕ ይቀበለውና ሦስት ሺህ ሜትር ቁልቁል ይተፋል።
ዐለቱ ይሰነጠቃል። ጋዙ በስንጥቁ ይወጣል።»
«አሸዋው ምን ይሠራል?» አልኩት።
«እንዳይዘጋ ነዋ! ውሃው ሲመለስ ዐለቱ ሊገጥም ይላል፤
አሸዋው ግን፣ እግሩን በር ላይ እንዳስገባ አበዳሪ፣
እዚያው ይቀራል።»

በረሃ ይወርዳል ተብሎ መጣ። ውሉ ፈረሰ። ባለቤቱ ስልክ አያነሳም።

ገዢ ይመጣል። ወይዘሮ ትርንጎ፣ ፈሳሽ ሳሙና የምታመርተው፣
ሐብሐብ እንደሚመርጥ ሰው በጣቷ አንኳኩታ አዳመጠችው።
«ሽታው ይለቃል?» አለች።
አንዱ ኮንትራክተር «ኮንክሪት ያቦካል?» አለ። አያቦካም።
ቁራሌዎቹ ምንም አልጠየቁም፤
በዓይናቸው መዝነው፣ ሽቅብ ቁልቁል አይተው ሄዱ።

ዘበኛው ኦቦ ወርዶፋ ነው። ግቢው የሱ ማሳ ነበር፣
ሽንብራ የሚያበቅል መረሬ፤
በካሳው ቆርቆሮ ገዛ፣ የቀረው ምን እንደሆነ
አልነገረኝም እስከ ዛሬ።
አሁን በወር ደመወዝ፣ በቆመጥና በባትሪ፣
የገዛ መሬቱ ላይ የሰው ብረት ይጠብቃል።

የሙዘይንን ነገር ብነግረው ሳቀ።
«የኛ መሬት ያለ ሞተር ይሰነጠቃል።
ጥር ላይ ክንድህን ታስገባለህ፤
አንድ ዓመት የልጄ ጫማ ገብቶ ቀረ።
ሐምሌ ሲመጣ ይገጥማል፣ ጠባሳ እንኳ አይተውም።
መረሬ ቂም አያውቅም።»

የካቲት ላይ ወይዘሮ ትርንጎ ቀብድ ከፈለች። «ፋቅልኝ» አለች።
ገንዳው ውስጥ ገባሁ፣ በሞባይሌ መብራት።
ሥሩ ላይ አሸዋ ተጋግሯል፤ የኛን አይመስልም።
የኛ ማዕዘን አለው፣ ይቆረቁራል፤
ይኼ ክብ ነው፣ እንደ ሰናፍጭ፣ መዳፍ ላይ ይንከባለላል።
የማን ወንዝ አሽቶት ይሆን? ከየትኛው ዐለት ደጅ ቀርቶ፣
ሥራውን ሳይሠራ ይሆን እዚህ የደረሰው፣ ባሕር አቋርጦ መጥቶ?

ግማሽ ጆንያ ወጣው። «ለኔ ስጠኝ» አለ ኦቦ ወርዶፋ።
ለምን አላልኩትም።
ከበሩ በስተግራ የበጋው ስንጥቅ ነበር፤
ተንበርክኮ፣ በጣሳ፣ ጥቂት ጥቂት ጨመረበት፤
ዘር እንደሚዘራ አይደለም፣
ለበሽተኛ በማንኪያ እንደሚያጠጣ።

ማደባለቂያው ሄደ። ሰበታ ነው አሉ፤
ሎሚ ሎሚ የሚል ሳሙና ያማስላል።

ሐምሌ አጋማሽ፣ ቀሪ ሂሳቤን ልጠይቅ መጣሁ፤
ጭቃው ቦቲዬን ሊያስቀርብኝ እየታገለ።
ስንጥቁ ሁሉ ገጥሟል፣ ሣር ለብሷል፤
የበሩ ግን፣ ሊናገር ተከፍቶ እንደተተወ አፍ፣
አንድ ጣት ታህል አለ።

ኦቦ ወርዶፋ በዣንጥላው አስጠለለኝ።
ሁለታችንም አልተናገርንም።
ውሃው በዚያች ቀዳዳ ሲወርድ ይሰማል፤
የት እንደሚደርስ እንጃ።